ክንድህ ላይ ያለው ሐረግ

ልጄ ሳህሉ፣ የዚያ አገር ብርድ አይንካህ፤ በሄድክበት ሁሉ ማርያም ትቅደምልህ። እኛ ደህና ነን። የሚያፈሰው ጣራም ተጠግኗል።

የላክኸው ፎቶ ደርሶኛል። ክንድህ ላይ የተነቀስከውን የተጠላለፈ መስቀል ሳይ በብራና መጽሐፍ ራስጌ የሚሳለው ሐረግ መስሎኝ እልል ብዬ ተሳለምኩት። ለንስሐ አባታችን ለአባ በላይነህም አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው "የቆየ እጅ ነው፤ የየትኛው ገዳም ይሆን?" አሉና እሳቸውም ተሳለሙ።

ኋላ እዚያው አሜሪካ፣ ብሩክሊን ሴንተር ያለችው የአክስትህ ልጅ እህተማርያም ስትደውል ጉዱ ወጣ። ለካ ኬልቲክ የሚባሉ የጥንት ፈረንጆች የጎሳ ንቅሳት ነው! ሌክ ስትሪት በሚሉት መንገድ ወጣቱ ሁሉ ወረፋ ይዞ ይነቀሰዋል አለችኝ፤ መጀመሪያና መጨረሻ ስለሌለው ትርጉሙ ዘላለም ነው አሉ። ጎሳማ እዚህ መች ጠፍቶ! ለአባ እስካሁን አልነገርኳቸውም፤ እሑድ በስብከታቸው "ሃይማኖቱን በክንዱ የጻፈ ልጅ" ብለው አሞግሰውሃል።

አልተቆጣሁህም። ግን ዩኒቨርሲቲ የተመረቅህ ዕለት "እማዬ፣ ጓደኞቼ እንዳያዩት ንቅሳትሽን ሸፍኚው" ብለኸኝ፣ በዚያ ሙቀት አንገቴን በነጠላ ጠቅልዬ ዋልኩ። እኔም እኮ በልጅነቴ ወረፋ ይዤ ነው የተነቀስኩት፤ ያኔ ያልተነቀሰች ልጃገረድ አልነበረችም።

እና አደራ፣ ቪዛው ተሳክቶ ስመጣ ኤርፖርት እጅጌህን ሰብስበህ ጠብቀኝ። እኔም አንገቴን ሳልሸፍን እወርዳለሁ። ማን እንዳማረበት ፈረንጆቹ ይፍረዱ።

ያሳደገህ አምላክ ክንድህን ያበርታልህ፤ ከነሐረጉ።

እናትህ አስካለ