አባቴ አላውቀውም ያላት ክሪስታል

አባዬ፣

ከተለየኸን አምስተኛው ክረምት ገባ። የጭላሎ ተራራ ጉሙን ለብሷል፤ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅህ እንደታሸገች ናት። የእማዬ እህት ከጢቾ መጥታ አብራን ትኖራለች። እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክሱን ጨረስኩ።

የሚያስጽፈኝ የዚያች የሸክላ ማጫወቻ ክሪስታል ነገር ነው። መርፌው ሲነዝራት ኤሌክትሪክ የምታመነጨው፣ ከጥፍር የማትበልጥ ቁራጭ። አንድ ሐምሌ እርጥበት ገባባት ብለህ ከሰል አጠገብ ስታደርቃት ሞተችብህ። «እርጥበቱንም ሙቀቱንም አትወድ፤ አማት ናት» ብለህ ስትስቅ እማዬ ተቆጣችህ። ሁለተኛዋን ግን በጥጥ ጠቅልለህ አኖርካት፤ ሱቅህን የበረበሩት የቀበሌ ፈታሾች ያገኙት እሷን ነው። ያለ ባትሪ ኤሌክትሪክ የምትሰጥ ከሆነ የሰላይ ዕቃ ናት አሉ። እንዴት እንደምትሠራ ሲጠይቁህ «እኔም አላውቀውም» አልካቸው። እውነትህን ነበር። እንደ መደበቅ ተጻፈብህ። ወስደው ገደሉህ፤ ሬሳህን እንኳ አልሰጡንም።

እኔ ግን አሠራሯን በቤተ ሙከራ፣ በአምሳያዋ ላይ አየሁት። ኤሌክትሪኩን እጥፍ ብሰጣት እጥፍ አትመልስም። መጀመሪያ ታመነታለች፤ ከዚያ በውስጧ ያለው የኤሌክትሪክ ዋልታ ሁሉ ፊቱን ያዞራል። ባቋርጠውም እንደዞረ ይቀራል። ልመልሳት ስል በሄደችበት መንገድ አትመጣም። የመሄጃዋና የመመለሻዋ መስመር ኤሌክትሪክን ሥሎ በሚያሳየው መሣሪያ፣ በኦሲሎስኮፑ ላይ እንደ ቅጠል ተከፍቶ አየሁት። መወፈር መቅጠኗን ለክቼ ስስለው ደግሞ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ወጣች። ብዙ ቆሜ አየኋት። በዚያች ሰዓት አጠገቤ ብትኖር ብዬ አለቀስኩ።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ከልዩ ጨው ራሴ ያሳደግሁትን ክሪስታል ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ከትንሽ የኒዮን አምፖል ጋር አገናኝቼ በእንጨት መታ ሳደርጋት አምፖሏ ብልጭ አለች። የቀበሌው ሊቀመንበር ወደ አምፖሏ ጎንበስ አለ።

«እስቲ ድገሚው» አለኝ።

ሦስት ጊዜ ደገምኩለት። ስምህን ከሰላዮች መዝገብ ይሰርዛል ብዬ ስጠብቅ አንድ ወረቀት ገፋልኝ፤ አባቴ ሰላይ ነበር ብዬ ከፈረምኩ የመምህርነት ምደባዬ እንደሚለቀቅልኝ ነገረኝ።

አልፈረምኩም። ምደባው ይቅር። ሁሩታ ገበያ መሐልም ቢሆን ቆሜ፣ ለሚሰማኝ ሁሉ ይህን አስተምራለሁ። ትምህርቱንም የምጀምረው ስምህን ጠርቼ ነው፤ አላውቅም ለማለት ያላፈረ ሰው ነበር ብዬ።

ልጅህ