የባሕሩ ወለል ትልም

ሙርማንስክ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። እንዴት ከርመሻል እትዬ? ልጆቹስ? የአባባ ጉልበት ተሻለ? ከአገር የመጣ ተማሪ ሐይቅ ከተማ አስፋልቱ ዳር ተርቦ የተኛውን ሰው ብዛት ነግሮኝ እህል አልወርድ ብሎኛል። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ በአካል ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሰው እጅ ነው የላክሁት፤ ለብቻሽ አንብቢው።

የአምባሰሉን አሻግሬን ታስታውሺዋለሽ፤ ደሴ ስንማር ጀምሮ ያልተለየኝ፣ ለአረፋ እየመጣ አባባን በጨዋታ የሚያስቀው። ክረምቱን አብረን የጥናት መርከብ ላይ ነበርን። የምናጠናው የባሕሩን ወለል ነው። እዚያ ሰሜን ባሕር ዳር በረዶ እንደ ወንዝ ከተራራ ይወርዳል፤ ዓይን አያየውም እንጂ አያርፍም። ዓለቱን እየፋቀ፣ ድንጋይና አፈሩን በሆዱ ይዞ ባሕር ይገባል። ጫፉ ይገመስና ይንሳፈፋል፤ ትልቁ አንድ አምባ ያህላል። እየቀለጠ ሲሄድ የያዘውን ድንጋይ ታች ለስላሳው ጭቃ ላይ ያንጠባጥባል። ጥልቀቱ ካነሰ ደግሞ ታቹ ወለሉን ነክቶ ያርሰዋል። ጥልቀቱን በድምፅ የሚለካው መሣሪያ ትልሙን በወረቀት አወጣልን፤ አንዱ ትልም ብቻ ከአርዲቦው ማሳችን ይሰፋል። አሻግሬ ወረቀቱን ትክ ብሎ አየና «እኛ ዘንድ በሬው አልቆ መሬቱ ጦም አድሯል፤ እዚህ ባሕር ይታረሳል» አለኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከአንዱ ትልም ጭቃ ልናወጣ ረጅም የብረት ቧንቧ በገመድ አወረድን። የበረዶ ጉማጅ ወደ እኛ እየመጣ ስለነበር አዛዡ ቶሎ በሉ አሉ። በመርከቡ ጭራ በኩል ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቧንቧው ብቅ ሲል አሻግሬ ጠርዙ ላይ ወጥቶ በሁለት እጁ አቀፈው። ቧንቧው አፍ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ ጥቁር ድንጋይ አየና ሊያሳየኝ ስሜን ጠርቶ ዞረ። ያኔ የገመዱ ማሽን ፍሬን ተለቀቀ። ቧንቧው ቁልቁል ሲወረወር ይዞት ሄደ።

በጀልባ ሲያወጡት ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ የዚያን ውሃ ብርድ ግን ሰው አይችለውም። እዚሁ ተቀበረ። ቄስ አልነበረም። የማውቀውን ዱዓ አደረግሁለት።

ከዚያ ምርመራ መጣ። ጥፋተኛ የተባለ ተማሪ ትምህርቱን አቋርጦ ይመለሳል፤ የተመለሰው ወዴት እንደሚዘምት ታውቂያለሽ፤ የጎረቤታችን የሀምዱ ልጅ እንደ ዘመተ እስከ ዛሬ የለም። በሦስተኛው ቀን መርማሪዎቹ አስቀድመው የጻፉትን ወረቀት አመጡልኝ። አሻግሬ ፍሬኑን ራሱ በስህተት ለቆ ሞተ ይላል። ፈረምሁ።

ይኸው ወረቀት ለእናቱ ለእማማ ባንቺአየሁ ይላካል። ሰው አንብቦላቸው «ልጄ በገዛ እጁ» እያሉ እንዳይቀመጡ፣ ቀድመሽ ሂጂላቸው። መንገዱ ቢከብድም ሂጂ። የልጅዎ ሁለቱም እጆች ቧንቧው ላይ ነበሩ በያቸው። ታዲያ ፍሬኑን ማን ይዞ ነበር ብለው ከጠየቁሽ፣ አትዋሺያቸው።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። አላህ ዝናቡን ያውርድላችሁ፣ ልጆችሽን ያቆይልሽ። እኔን በዱዓሽ አትርሺኝ፤ ከበደኝ።

ወንድምሽ