ስለ አራቱ ካርዶች መታፈንና ስለ አረንጓዴው ከረጢት ጥፋተኝነት

ለተከበሩ የፍተሻ ክፍል የበላይ ኃላፊ
ለዳይሬክተር ሊያው ጂንግፉ
ሺንጁ ከተማ

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቢሮዎ የቀዘቀዘ፣ ሻይዎ የሞቀ፣ ወንበርዎም የጸና ይሆን ዘንድ የዘወትር ምኞቴ ነው። እኛ የፍተሻ ሠራተኞች ከውሳኔዎችዎ በስተቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ በውስጥ በኩል የላክሁት ሁሉ መልስ ስላጣ እንጂ ክቡርነትዎን ለማሳጣት አይደለም፤ አሁንም ቢሆን መልስ አገኛለሁ ብዬ አይደለም። ጉዳዩ የባልደረባዬ የወይዘሪት ሼ ፔይቹን ነው። አራት ምርጥ የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርዶች በአንድ ሳጥን ውስጥ አብረው ሲሠሩ በውጭ አገር ገዢዎች ፊት ድርግም ብለው ስለጠፉ፣ ከሥራ የተባረረችው እሷ ናትና።

አንደኛ፣ ለውበት ስላለዎት ፍቅር አመሰግናለሁ። እኛ ካርዶቹን የምንፈትሸው ክፍት ጠረጴዛ ላይ አራርቀን፣ ማራገቢያ ደቅነንባቸው ነበር። በዚያ ሁሉ እንክብካቤ እንኳ የአራቱ ፍጥነት ተደምሮ የአንዱን ሦስት እጥፍ አልሞላም፤ ክቡርነትዎ ግን በማስታወቂያው ላይ አራት እጥፍ ብለው አስጻፉት። ሒሳብ እንዲህ ቸር ሲሆን አይቼ አላውቅም። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ገዢዎቹ በሚመጡበት ዕለት ካርዶቹ ተደራርበው በመስታወት ሳጥን እንዲዘጉ አዘዙ። ፔይቹን በሁላችን ፊት፣ «ዳይሬክተር፣ እንዲህ ከዘጋናቸው ይታፈናሉ እኮ። የላይኛው የሚስበው የታችኛውን ትኩስ ትንፋሽ ነው» አለችዎ። እርስዎም፣ «አንቺ ደግሞ ሟርትሽን ተይኝ። መብራቱ በመስታወቱ ሲታይ እንዴት እንደሚያምር አይታይሽም?» አሏት። እውነትዎን ነው፣ አምሮ ነበር። እንግዶቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ስክሪኑ ጠቆረ፤ ክፍሉንም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሞላው።

ሁለተኛ፣ ላቋቋሙት አጣሪ ኮሚቴ ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ አላልፍም። እኛ ዘንድ ማንም ሰው ከማሽኑ ጎን አረንጓዴውን የበቆሎ ቺፕስ ከረጢት ሳያስቀምጥ ሥራ አይጀምርም፤ የቺፕሱ ስም ራሱ በቋንቋችን «ጨዋ ሁን» ማለት ነውና ማሽኑ ሰምቶ ይታዘዛል እንላለን። ከረጢቱ አረንጓዴ መሆን አለበት፣ መከፈት የለበትም፣ ቀኑም ማለፍ የለበትም። እኔም ያለ እሱ ሠርቼ ስለማላውቅ በልማዱ አልቀልድም። ኮሚቴው ግን የሙቀት መለኪያውን ዞር ብሎ ሳያይ የከረጢቱን ጀርባ አገላብጦ አነበበ፤ ቀኑ አልፎ ተገኘ። ስለዚህ የአደጋው መንስኤ ከረጢቱ፣ ከረጢቱን ያልቀየረችውም ወይዘሪት ሼ ናት ተብሎ ተወሰነ። ሳጥኑ ነፃ ወጣ፤ መስታወቱ ነፃ ወጣ፤ ያስዘጋው ሰውም ከእነሱ ጋር ነፃ ወጣ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ በስንብት ወረቀቷ ላይ «ቸልተኛ» የሚል ቃል ስለጨመሩላት ምስጋናዬ ይድረስዎ። በዚህች ከተማ የፍተሻ ክፍሎች ሁሉ ስለሚተዋወቁ፣ ያመለከተችባቸው ድርጅቶች በሙሉ በትሕትና መልሰዋታል። ካርድ ገና ሳይጠፋ ከማራገቢያው ድምፅ ሕመሙን የምታውቅ ሴት ዛሬ በእናቷ ኑድል ቤት ሳህን ታጥባለች። ይግባኝ እንድትል ልለምናት ሄጄ ነበር። እጇን እንኳ ከውኃው ሳታወጣ፣ «ተወው ወንድሜ፣ አትድከም። እነሱ እንደሆነ መስታወቱን አይከፍቱትም» አለችኝ። አዝኛለሁ፤ ከሐዘኔ የሚብሰው ግን ልክ መሆኗ ነው።

እንግዲህ ውሳኔው እንዲሻር አልለምንም፤ የማይሆን ነገር መለመን የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ ማባከን ነው። ይህ ደብዳቤ እውነቱን የሚያውቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ እንደነበረ ብቻ ይመስክር።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ለላቀ ማስተዋልዎና ስሕተትን ከራስ ላይ አንሥቶ በሌላ ትከሻ ላይ ለማኖር ለተሰጠዎ ጸጋ የሚገባውን ክብር ሁሉ እያቀረብሁ፣

ታዛዥዎ
ፋን ዢሁንግ
የካርድ ፍተሻ ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ለመጪው ትርኢት በወይዘሪት ሼ ቦታ እኔን ስለመደቡኝ አመሰግናለሁ። ሳጥኑን አየሁት፤ ካርዶቹ እንደተደራረቡ፣ መስታወቱም እንደተዘጋ ነው። ከረጢቱን በአዲስ ስለቀየርሁት፣ በዚህኛው ማጣራት ጥፋቴ ምን ሆኖ እንደሚገኝ ከወዲሁ ቢያሳውቁኝ ለእናቴ የምነግራትን አዘጋጅ ነበር።