አንድ መስመር ብቻ ስላለው የሕመምተኛ ካርድ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዲበዛልዎ፣ ቢታመሙም ሕመምዎ አንድ ብቻ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ከአንድ በላይ በእርስዎ ቤት አይስተናገድምና።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፣ እታለም የምላት ልብስ ሰፊዋ፣ ከአምስት ዓመት በፊት የጡት ካንሰሯን እናንተው ዘንድ ታክማ ድናለች፤ ለዚህ የማመሰግነው ያለ ሽሙጥ ነው። አምና ሆዷን ሲያማት አንጀቷ ላይ ዕጢ ተገኘ። ናሙናውን የመረመሩት ሐኪም፣ ይህ የጡቱ ካንሰር የተዛመተ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሌላ ካንሰር መሆኑን፣ ገና ጅምር ላይ ስለሆነም ቶሎ ቢወጣ እንደምትድን በፊርማቸው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ያገኘነውን መስተንግዶ ልዘርዝር፦

፩. የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ «የካንሰሩ ዓይነት» የሚለው መስመር አንድ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም በጡቱ እንደተያዘ በትሕትና አስረድተውን፣ ጠርዙ ላይ ባገኙት ክፍት ቦታ «ተዛምቷል» ብለው ጻፉ። ለመጻፍ ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

፪. የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ያቺን ቃል አይቶ፣ ለተዛመተ ካንሰር ቀዶ ሕክምና የለም በማለት ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘን። የሐኪሙን ወረቀት ባሳይ መጀመሪያ ካርዱ ይስተካከል ተባልኩ፤ ካርድ ክፍሉ ደግሞ አዲስ ቅጽ ሲታተም ይመለሱ አለኝ። ሰባት ወር ሙሉ እታለምን ደግፌ እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። እሷ ግን ያው እሷ ናት፤ ወረፋ ስትጠብቅ የጥበቃ ሠራተኛውን የተተረተረ የኮት ኪስ ሰፍታ ሰጠችው።

፫. ማስመሪያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሁለተኛውን መስመር እኔው ላስምርላችሁ ብዬ ብለምን፣ ሰነድ ሊያበላሽ ነው ተብዬ በዚያው ጥበቃ ተገፍትሬ ወጣሁ። ምስኪን፣ አፍሮ ዓይኔን ማየት አቃተው።

ባለፈው ሰኞ አዲሱ ቅጽ ደረሰ፤ እንኳን ደስ ያለዎ! ሁለት መስመር አለው፤ ወረቀቱም ወፍራም ነው። ቀዶ ሐኪሙ በዚያው ቀን አዩዋትና ካንሰሩ ጉበቷ ድረስ ስለሄደ አሁን ማውጣት እንደማይቻል ነገሩን። ሠራተኛዎ ከሰባት ወር በፊት የጻፉት ቃል ይኸው እውነት ሆኗል፤ ካርዷ ላይ ከእንግዲህ የሚታረም ስሕተት የለም።

እርር ድብን እያልኩ፣ ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
የእታለም ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሞት ማስረጃችሁን ቅጽ እግረ መንገዴን አየሁት፤ «ምክንያት» የሚለው እዚያም አንድ መስመር ነው። የእታለም ቀን ሲደርስ ከሁለቱ ካንሰሮች የትኛውን እንጻፍ ብላችሁ አትጨነቁ። «ካርድ» ብላችሁ ጻፉ፤ መስመሩ ይበቃዋል።