ሂና ስለሸፈናቸው የልጄ ጣቶች

ለተከበሩ የከተማችን የአጥንት ክሊኒክ ኃላፊ
ከሰላ፣ ሱዳን

የአላህ ሰላም በእርስዎና በቤተሰብዎ ላይ ይሁን። ጤናዎ፣ በተለይም የእጅዎ ጤና፣ የተሟላ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በጋሽ ወንዝ ዳር ሙዝ የማለማ፣ ሚስቴን ቀብሬ አንዲት ልጅ የማሳድግ ሰው ነኝ፤ ትምህርቴ ጥቂት ነውና ለአጻጻፌ ይቅርታዎ አይለየኝ።

ልጄ ኢብቲሃል በዘመድ ሠርግ ላይ፣ ለእንግዳ ከየጎረቤቱ ተሰብስበው ከተደራረቡት የገመድ አልጋዎች አናት ሆና የሙሽራይቱን ጭፈራ ስታይ ወድቃ የቀኝ ክርኗ ተሰበረ። ለሠርጉ ጣቶቿን ከተቀባችው ሂና ጋር ወደ ክሊኒክዎ ይዣት መጣሁ።

፩ኛ. ስለ አቀባበልዎ አመሰግናለሁ። «ይቺ ሙሽራ መቼ ነው የምትዳረው?» ብለው ክፍሉን አሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ነርሷ ጥፍሯ በሂና ስለጠቆረ ደም ወደ ጣቷ መድረሱ አይታይም ስትል፣ «ተይው፣ ውበቷን አናበላሽ» አሉ። አውራ ጣትሽንና ጠቋሚሽን ገጥመሽ ቀለበት ሥሪ ያላት ግን የለም። ነርቯ መጎዳቱ የሚታወቀው በዚህች ቀለበት እንደነበር የነገረኝ ኋላ ያየልኝ ሌላ ሐኪም ነው።

፪ኛ. ጀሶው እንደታሰረላት «ዶክተር፣ ጣቴ እምቢ አለኝ» አለችዎ። «ጀሶው ሲወልቅ ይታዘዝሻል» አሉ። ጀሶው ወለቀ፤ አጥንቷ ቀጥ ብሎ ገጥሟል፣ ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ። ጣቷ ግን ክረምቱ መጥቶ ሲሄድም አልታዘዘም። ኪስራ እንጀራዋን ቆርሳ ወጥ ማጥቀስ አትችልም፤ በግራ እጅ መብላት ስለምታፍር ከገበታ ትሸሻለች። እኔ አጎርሳታለሁ፤ እሷ ዐይኗን ትጨፍናለች።

፫ኛ. ነርቩን የጎዳችው ጀሶው ከወለቀ በኋላ በሰሊጥ ዘይት ያሸቻት አክስቷ ቡሰይና ናት ብለዋል። ቡሰይና በጀሶ ላይ እንዴት እንደምታሽ ቢያስተምሩን ዘይቱን እኛ እናመጣለን።

ከሱብሂ፣ ከንጋቱ ሶላት በኋላ ንዴቴን እንዲያበርድልኝ አላህን ለመንሁ፤ የተናደድሁት የልጅ አባት ሆኜ ይሆን ወይስ ትዕቢተኛ ሆኜ ብዬ ራሴንም መረመርሁ። ግማሹን አበረደልኝ። ግማሹን ለእርስዎ ያቆየው ይመስለኛል።

የዚህ ዓይነቱ ነርቭ ብዙ ጊዜ በራሱ እንደሚመለስ ተነግሮኛል። የልጄ አልተመለሰም፤ ጡንቻዋ ሳይሟሽሽ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሊያያት ይገባል። የሚያስፈልገው የእርስዎ የሪፈር ፊርማ ብቻ ነው፤ በሄድሁ ቁጥር «ነገ» ይሉኛል።

ትዕግሥቱን ከሶላት፣ ንዴቱን ከበርዎ ደጃፍ የቀዳ አክባሪዎ፣
ባቢክር ዐብደልባጊ

ማስታወሻ፦ ብዕር ሲይዙ አውራ ጣትዎና ጠቋሚዎ ይገናኙ እንደሆን እስቲ ይመልከቱ። እስከ ዛሬ ያልፈረሙት አልገናኝ ብለውዎት ከሆነ አላህ ይማርዎ፤ ኢብቲሃልን ስወስድ እርስዎንም ይዤዎት እሄዳለሁ፣ መንገድ ላይም አጎርስዎታለሁ።