ያልነገርኸኝ የጠዋት ሥራ

አዲሱ፣ የልጄ አባት፤

ከዚህ ቤት ከወጣህ አንድ ዓመት ሊሞላህ ሦስት ሳምንት ቀረው። እናትህ ከጃናሞራ መጥተው ለሙት ዓመትህ ጌሾ እያስወቀጡ ነው። ስላንተ ክፉ ቃል ከአፌ እንዳይወጣ አጥብቀው አዝዘውኛል፤ እኔም እሺ ብያለሁ። በወረቀት ግን አልከለከሉኝም። ተናድጄብሃለሁ አዲሱ። እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

ቤቱን ልንገርህ። ትነዳው የነበረውን አይሱዙ ባለቤቱ በሠልስትህ መጥቶ ወሰደው። ከበሩ አጠገብ ዘይት የጠጣ መሬት ብቻ ቀረ፤ ሲሳይ ጠዋት ጠዋት እዚያ ላይ ሄዶ ይቀመጥ ነበር። ልጃችን ዘጠኝ ዓመት ሞላው። የሚናገራቸው ቃላት ዛሬም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የሚበላው ዳቦና ቆሎ ነው፤ እሱንም በቀዩ የፔርሙስ ክዳን ካላቀረቡለት ፊቱን ያዞራል። ይህን አንተም ታውቃለህ። ከሞትህ በኋላ የመጣብንን ነው የማታውቀው።

ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሰገራ ሳይወጣለት ቆየ። በለቅሶው ግርግር ውስጥ ሆኜ አላየሁትም። ሳየው ሆዱ ተነፍቷል፣ ጠንክሯል፤ ስነካው እጄን ይነክሰኛል። ከዚያ ሱሪው በቀጭን ውሃ ይበላሽ ጀመር። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነብኝ። ተቅማጥ ነው፣ ውሃ አትስጪው፣ ደረቅ አብዪው አሉኝ። እኔም ሰማሁ። ለደረቀ ልጅ ውሃ ከልክዬ ደረቅ ዳቦ አበላሁት። ወንድምህ ደግሞ ሆን ብሎ ነው ብሎ በአለንጋ ገረፈው። ይህን ስነግርህ የራሴን አልደብቅም፤ በአንድ ቀን አራተኛውን ሱሪ ሳጥብ እኔም በጥፊ መታሁት። እሱ አላለቀሰም፤ ተነሥቶ ዘይቱ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

በመጨረሻ ጎንደር ወሰድሁት። ሐኪሟ ወጣት ናት። ሆዱን በጣቶቿ ስትዳብስ ቆየችና፣ «እናቴ፣ ይሄ ተቅማጥ አይደለም። የደረቀው አንጀቱን ዘግቶታል፤ የምታይው ውሃ በጎኑ እየሾለከ የሚወጣ ነው» አለችኝ። ሲሳይ ያለበትም ኦቲዝም እንደሚባል፣ እንዲህ ያሉ ብዙ ልጆች በድርቀት እንደሚሰቃዩ፣ የለመዱት ነገር ሲቀየርባቸው ሰገራቸውን አፍነው እንደሚይዙ ነገረችኝ። አንድ ቃል ለመስማት ስምንት ዓመት ፈጀብኝ። አንተ ነህ፣ «ልጄ ምንም አልሆነም» እያልህ ሁለት ጊዜ ከሐኪም ቤት በር ላይ የመለስኸን።

እዚያው ሆዱን አጠቡለት፤ የሚጠጣ ሽሮፕም ሰጡን። ውሃ አጠጪው፣ ጠዋት ቁርስ እንደበላ አስቀምጪው፣ አትቆጪው አለችኝ። ከዚያ፣ «ለመሆኑ በፊት እንዴት ነበር የለመደው?» ብላ ጠየቀችኝ። የወለድሁት እኔ ሆኜ ከሐኪም ፊት አንገቴን ደፋሁ። ጠዋት ይዘኸው የምትወጣው አንተ ነበርህ፤ እኔ የማውቀው ንጹሕ ሆኖ እንደሚመለስ ብቻ ነው።

ቤት ስንመለስ ፖፖው ላይ አልቀመጥም አለ። ሽንት ቤቱንም ሲያይ ይንቀጠቀጣል። ድርቀቱ እንደገና ያዘው። ለቀጠሮው ስንሄድ ዳባት መናኸሪያ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ቆመ። ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። እግራችንን ልናፍታታ እንደወረድን ሲሳይ ከእጄ አመለጠና ወደ መኪናው ዞረ። መዳፉን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈ፤ ሱሪውን አወረደና ቁጢጥ አለ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ወጣለት። አንዷ ሴት ልጅሽን ሰብስቢ ብላ ሰደበችኝ፤ ወንዶቹ ሳቁ። ነጠላዬን ዘርግቼ ከለልሁትና በሹፌሩ ላይ ሞተሩን እንዳታጠፋ ብዬ ጮህሁበት። ጎማው ሥር ቆሜ አለቀስሁ፤ ደስታዬና ንዴቴ አንድ ላይ መጡብኝ።

እዚያው ነው ሁሉም የገባኝ። ወደ ዛሪማ ከመውረድህ በፊት ሞተሩን ስታሞቅ ልጁን ይዘህ ከመኪናው ጀርባ ትቆይ ነበር። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሞተሩ ንዝረት ካልተሰማው አይወጣለትም። ስትመለስ ፓፓያ ይዘህለት ስትመጣም ልጁን አሞላቀቅኸው ብዬ ተቆጥቼሃለሁ፤ አንተ ሳቅህ እንጂ ሆዱን ያለሰልስለታል አላልኸኝም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የመጨረሻው ነው። ጉበትህ ጥሎህ ሦስት ሳምንት ተኝተሃል። በነዚያ ቀናት እንኳ ጋቢህን ተከናንበህ፣ ግድግዳ ይዘህ እየወጣህ ሞተሩን ታስነሣ ነበር። ሊሞት ነው፣ አሁንም ከኛ ይልቅ መኪናውን ይወዳል ብዬ ጓዳ ገብቼ አልቅሻለሁ። ለጎረቤት ያዋስኸውን የመኪና ማንሻ ክሪክ አስታውሰህ አስመልሰሃል። እንዴት ለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣህ? ነግረኸኝ ቢሆን ልጄ አይገረፍም፣ እኔም አልመታውም ነበር።

አሁን ጠዋት ጠዋት ወደ አያ ካሴ ወፍጮ ቤት እንሄዳለን። አያ ካሴ ሁሉን ነግሬያቸው፣ እህል ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን ያስነሡልናል። ሲሳይ ከግድግዳው ጀርባ ፖፖው ላይ ይቀመጣል፤ መዳፉን ጭቃው ላይ ይለጥፋል። አንዳንድ ቀን አይሆንም፤ ብዙ ቀን ግን ይሆናል። የዛሪማ ሹፌሮች ፓፓያ ያመጡልኛል።

ዛሬ እናትህ የት ነው የምትሄጂው ብለው ተከተሉን። ልጁን አዩት። ከዚያ፣ «አዲሱም እንዲህ ነበር። ከድንጋይ ወፍጮዬ ሥር አስቀምጬ ካልፈጨሁ አይወጣለትም ነበር» አሉ። እማማ፣ ለምን አልነገሩኝም አልኋቸው። «ነውር ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ።

ነውር። እሳቸው ላንተ ሲሉ ደበቁ፣ አንተ ለልጅህ ስትል ደበቅህ፤ መከራውን የበላው አፍ የሌለው ልጅ ነው። እኔ ጋ ግን ያበቃል። ሁሉንም ጽፌ ከበሩ ጀርባ ለጥፌዋለሁ፤ ሞተሩን፣ ፓፓያውን፣ ቀዩን ክዳን። እኔ ነገ ብወድቅ የገባ ሰው ሁሉ ያነበዋል። በሙት ዓመትህ ቀን ድንኳኑ ሲሞላ ቆሜ እናገረዋለሁ፤ እናትህ ቢቆጡም ይቆጡ። ስላንተ ክፉ አልናገርም። ሊሞት ሲል ግድግዳ ይዞ እየወጣ ለልጁ ሞተር ያሞቅ ነበር እላለሁ። ረሳችኝ ብለህ አትስጋ፤ የአያ ካሴ ሞተር በተነሣ ቁጥር እቆጣሃለሁ።

ሚስትህ ጥሩዬ፣ ከደባርቅ