ያሳተምኸው ስሜ

ይድረስ ለወንድሜ ለዮፍታሄ፤

እንደምን ከርመሃል? የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት ይዞሃል፣ ጨጓራህስ ተሻለህ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እማዬም ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ነበረች። ነበረች ያልኩህ መጽሐፍህ እስኪደርስ ድረስ ነው።

ሾፌሩ ስዩም አደረሰልን። «ለእህቴ ለሰሎሜ» የሚለውን ገጽ ሳየው፣ አልዋሽህም፣ ሱቄ ውስጥ ደንበኛ አቁሜ አለቀስኩ። ልጆች ሆነን ሄሉ ሰፈር ሳለን ከበረቱ ጀርባ የፈጠርነው ጨዋታ እኮ ነው፤ እህትና ወንድም ነፋስ ሆነው ኬላውን የሚያልፉበት። ልጄ ማህሌት ለእማዬ ጮክ ብላ ታነብላት ጀመር። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ልጁ የአስማቱን በር ለማስከፈት የእህቱን ምስጢራዊ ስም ጠራ። የክርስትና ስሜን ጠራ።

እማዬ ምስር ስትለቅም እጇ ቆመ። ክፉ ሰው እንዳይሠራበት ዕድሜዋን ሙሉ የደበቀችው ስም ነው። «ይሄን ለአባታችሁ ዘመዶች እንኳ አልነገርኩም» አለች። በማግስቱ በዚያ ጉልበቷ ድንበሩን ወደ ኢትዮጵያ ተሻግራ፣ ስሙ ይለወጥ እንደሆነ የንስሐ አባታችንን ጠየቀች። ጥምቀት አንዲት ናት አሏት። ከተመለሰች ወዲህ ተኝታለች፤ እህል የምትቀምሰው ተለምና ነው።

የአሮጊት ፍርሃት ነው ትል ይሆናል። እኔም ድግምት ፈራሁ አልልህም። ግን ማህሌት ታሪኩን ለጎረቤታችን ለኸይራ ልጆች ተርጉማላቸው፣ ሱቄ በር ላይ ገመድ ወጥረው በስሜ እየጮሁ ይዘላሉ። በሞተሩ ሰው የሚያመላልሰው ባለ ቦዳቦዳው ሀልካኖም ስኳር ሊገዛ መጥቶ በሱ ጠራኝ፤ ቁልምጫ መስሎታል። ስቆርብ ብቻ የምሰማው ስም ነበር። ከእንግዲህ ስቆርብ ትዝ የሚለኝ ሀልካኖ ነው።

ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አገላበጥኩት። የወንድምየው ምስጢራዊ ስም ያንተ አይደለም፣ የፈጠርከው ነው። ስለዚህ ሳታስብ ነው እንዳትለኝ። የራስህን ደብቀህ የኔን ገበያ አወጣኸው።

ይቅርታውን እኔን ሳይሆን እሷን ጠይቅ። ስልክ አይበቃትም፤ ራስህ ና፣ አትዘግይ።

ለባለቤትህ ለወርቅአየሁ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ልጅህን ሱራን ጉንጩን ሳምልኝ። ማህሌት ትስምሃለች፤ አሁንም ባንተ ትኮራለች፣ አልከለከልኳትም። እማዬ ሰላም በይልኝ አላለችኝም።

ስዩም ቆሞ እየጠበቀኝ፣ የክርስትና ስምህን ፖስታው ላይ ልጽፈው ብዕሬን አሳርፌ ነበር። ኬላው ላይ ስንት እጅ እንደሚያገላብጠው ታውቃለህ። ተውኩት። ያንተን እንኳ የሚጠብቅልህ እህት ይኑርህ ብዬ ነው።

እህትህ ሰሎሜ
ሞያሌ፣ ኬንያ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.